እዚያ ደርሶ የተመለሰ ሰው ይጠየቅልን

ለድንገተኛ፣ ለማዋለጃና ለፅኑ ህሙማን ክፍል ሐኪሞችና ነርሶች በሙሉ
ግልባጭ፡ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለህክምና ትምህርት ቤቶች
ጉዳዩ፡ ከሞት አፋፍ የተመለሱ ታካሚዎች ያዩትንና የሰሙትን እንዲጠየቁ ስለማሳሰብ

ጤና ይስጥልኝ፣

ይሄን ደብዳቤ የምፅፍላችሁ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ለመክሰስ አይደለም፣ እናንተ ሌሊቱን ሙሉ ቆማችሁ ሰው የምታተርፉ ሰዎች ናችሁ፣ እኛ ሰፈር ከናንተ እጅ ተርፎ የመጣ ሰው የሌለበት ብሎክ ያለ አይመስለኝም። ግን አንድ የምለምናችሁ ነገር አለ። ልቡ ቆሞ፣ ወይ ደሙ አልቆ፣ ወይ ትንፋሹ ጠፍቶ እናንተ የመለሳችሁት ሰው ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት "ራስህን ስተህ በነበረ ሰዓት የምታስታውሰው ነገር አለ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁልን። አለ ካለ ሳትስቁ ሳትቆጡ ስሙት፣ ከዛ ካርዱ ላይ ፃፉት። ለምን እንደዚህ እንደምል ላስረዳ።

ታላቅ እህቴ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ነው ነገሩ የሆነው። ምጡ የመጣባት ሌሊት ነበር፣ ከኛ ሰፈር ሌሊት መኪና ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ የሚኖር ያውቀዋል፣ ጎረቤታችን ከእንቅልፉ ተነስቶ በራሱ መኪና ነው ያደረሰን። ወለደች፣ ልጁ ደህና ነው ተባልን፣ እልል አልን፣ ከዛ በኋላ ግን ደሙ አልቆም አለ። እኛ ውጪ ደም የሚሰጥ ሰው ለማግኘት ስልክ ስንደውል እሷ ውስጥ ራሷን ስታለች፣ ሐኪሞች ይገባሉ ይወጣሉ ማንም ምንም አይነግረንም። ተረፈች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያተረፏትንም እጃቸው ይባረክ።

ምን እንዳየች የነገረችኝ ግን ቆይታ ነው፣ እዚህም የምፅፈው ፈቅዳልኝ ነው። ድንገት ህመሙም ብርዱም ጠፋልኝ አለች። ክፍሉን ከላይ ሆና ታየዋለች፣ አልጋው ላይ የተኛችው ራሷ እንደሆነች ታውቃለች ግን አላሳዘነችኝም ነው ያለችው። አንዷ "አለቀላት እኮ" ስትል ጥርት ብሎ ተሰማት። ከዛ ክፍሉ የለም፣ ገጠር ያለው የአያታችን ቤት ደጃፍ ላይ ነች፣ አያታችን እኮ ከሞተች ቆይታለች፣ በሩን በእጇ ደገፍ አድርጋ ቆማለች። እህቴ ልትገባ ስትል አያቴ እንደ ድሮዋ ቆጣ ብላ "አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ? ሂጂ ልጅሽን አጥቢ!" አለቻት። ወዲያው ህመሙ ሁሉ ተመለሰባት።

በማግስቱ ለአንዷ ነርስ ልትነግራት ስትሞክር "የመድኃኒቱ ነው ባክሽ፣ እንደዚህ እያልሽ አታውሪ ይስቁብሻል" ተባለች። ሆስፒታሉን አልጠራም፣ ነርሷም ክፉ ሰው አልነበረችም፣ ደክሟት ነበር፣ ሌላ ሃያ ሰው ይጠብቃታል። ቤት ስትመጣ ደግሞ አክስታችን ሰምታ ክፉ መንፈስ ተጠግቷት ነው ፀበል ትግባ አለች። አንድ የምናውቀው ልጅ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ትቅረብ ብዙ ሰው ያየዋል ብሎ ካሜራ ይዞ ሊመጣ ነበር። በዚህ መሀል እህቴ ዝም አለች፣ በቃ ለማንም አልናገርም አለች። ባሏ እንኳን አያውቅም ነበር። ልጇን ስታጠባ እንባዋ ሲመጣ የወሊድ ድካም ነው ይባላል። እኔን እስካሁን የሚቆረቁረኝ ይሄ ዝምታ ነው።

ከዛ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። እሷ ብቻ አለመሆኗን ሳውቅ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው፣ ቀጥሎ ግን ተናደድኩ፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር የተደበቀ ሚስጥር አይደለም፣ ትልልቅ የህክምና መፅሔቶች ላይ የወጣ ነገር ነው። አልበርት ሃይም የሚባል የስዊዘርላንድ የጂኦሎጂ ሰው ራሱ ከተራራ ወድቆ ከተረፈ በኋላ እንደሱ የወደቁ ተራራ ወጪዎችን እየጠየቀ ያሉትን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. 1892 አሳትሟል። ሬይመንድ ሙዲ የሚባለው አሜሪካዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. 1975 ላይ ነገሩን near-death experience (ከሞት አፋፍ ላይ የሚያጋጥም ነገር) በሚል ስም ለዓለም አስተዋወቀው። ግን እኔን ያሳመነኝ የሆላንዱ ጥናት ነው። ፒም ቫን ሎሜል የሚባል የልብ ሐኪምና ጓደኞቹ በ10 ሆስፒታሎች ልባቸው ቆሞ የተመለሱ 344 ሰዎችን በቀናት ውስጥ እየሄዱ ጠየቁ፣ ማንም ሳይመረጥ በተከታታይ የመጣውን ሁሉ ማለት ነው፣ 62ቱ ማለትም 18 ፐርሰንቱ የሆነ ነገር እናስታውሳለን አሉ። ላንሴት የሚባለው የህክምና መፅሔት ላይ እ.ኤ.አ. 2001 ወጥቷል። ሰዎቹን ከ2 ዓመትና ከ8 ዓመት በኋላ መልሰው አግኝተዋቸዋል፣ ያዩት ሰዎች ሞትን መፍራት ቀንሰዋል፣ ለሌላ ሰው የሚያስቡ ሆነዋል። እንግዲህ አስቡት፣ ከአምስት ሰው አንድ ሰው ገደማ ማለት እኮ ነው። የኛም ሰው እንደዛው ከሆነ እናንተ ዋርድ ውስጥ አሁን ይሄን ደብዳቤ ስታነቡ ተሸፋፍኖ ዝም ያለ አንድ ሰው ይኖራል ማለት ነው።

"የመድኃኒቱ ነው" ያለችው ነርስ ደግሞ ዝም ብላ አላወራችም። ኬታሚን በሀገራችን ሆስፒታሎች በብዛት የሚሰጥ ማደንዘዣ ነው፣ ኬታሚን የወሰደ ሰው ከሰውነቴ ወጣሁ፣ ከላይ ሆኜ አየሁ ሊል እንደሚችል እናንተ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. 2002 ላይ ደግሞ ኦላፍ ብላንከ የሚባል የነርቭ ሐኪምና ባልደረቦቹ ጄኔቫ ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለባትን ሴት ሲመረምሩ በቀኝ በኩል አንድ የአንጎሏን ቦታ በኤሌክትሪክ ሲነኩት ሴትዮዋ ራሴን ከላይ ሆኜ አየሁ ብላለች። ስለዚህ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፣ አንጎል ሊሆን ይችላል። እሺ። ግን ታዲያ ለዛ እኮ ነው ይፃፍ የምለው! ምን መድኃኒት፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ተሰጣት፣ መቼ ራሷን ሳተች፣ ምን ሰማች የሚለው ጎን ለጎን ከተፃፈ የመድኃኒቱና ያልሆነው ይለያል። "የመድኃኒቱ ነው" ብሎ ዝም ማሰኘት ሳይንስ አይደለም፣ ሳይንስ ቢሆን ኖሮ ይጠየቅ ነበር።

ሳም ፓርኒያ የሚባለው ሐኪም የሰራው ጥናት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁለቱም ወገን የማይወደው ውጤት ነው የመጣው። በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በኦስትሪያ በ15 ሆስፒታሎች ጣራ አካባቢ መደርደሪያ ሰቀሉና ከላይ ካልሆነ የማይታይ ምስል አስቀመጡበት፣ ከላይ ሆኜ አየሁ የሚል ሰው ካለ ምስሉን ይነግረናል ብለው ነው። 2060 ሰው ልቡ ቆመ፣ አብዛኛው አልተረፈም፣ ተርፈው ለመናገር የቻሉት 140 ናቸው፣ ከነሱም 101ዱ ሙሉውን ቃለ መጠይቅ ጨረሱ። 9 ፐርሰንቱ እንደ እህቴ ዓይነት ነገር ነገሯቸው፣ በክፍሉ የተደረገውን አየን ሰማን ያሉት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም ልባቸው የቆመው መደርደሪያ ባልተሰቀለበት ክፍል ሆነ! በጠቅላላው ልብ ከቆመባቸው ጊዜያት 78 ፐርሰንቱ መደርደሪያ በሌለበት ቦታ የሆኑ ናቸው። ስለዚህ ነፍስ ከሥጋ ወጥታ ታያለች የሚለውን ጥናቱ አላረጋገጠም፣ ውሸት ነውም አላለም። ከሁለቱ አንዱ ግን፣ የ57 ዓመት እንግሊዛዊ፣ ሲታከም የነበረውንና የማሽኑን ድምፅ ተናግሮ ከተመዘገበው ጋር ገጥሟል። ልቡ ቆሞ ነበር፣ እና ሰምቷል። ይሄ እ.ኤ.አ. 2014 የታተመ ነው።

እ.ኤ.አ. 2023 ደግሞ የፓርኒያ ቡድን በሲፒአር (የቆመ ልብን ለመመለስ በሚደረግ እርዳታ) ላይ ያሉ ሰዎችን የአንጎል ሞገድ እየለካ ሲሰራ ደረት እየተጫኑ ከ35 እስከ 60 ደቂቃ ድረስ በአንዳንዶቹ ላይ ነቅቶ የሚያስብ ሰው ዓይነት ሞገድ ብቅ ሲል አይቷል። ሁላችንም የተማርነው ልብ ሲቆም በሰከንዶች ውስጥ ሰውየው ራሱን ይስታል፣ ከዛ በደቂቃዎች ውስጥ አንጎሉ መጎዳት ይጀምራል የሚለውን ነው፣ እውነትም ነው፣ ግን መብራት እንደሚያጠፉት በአንዴ ድርግም የሚል ነገር እንዳልሆነ እየታየ ነው። አሜሪካ ሚሺጋን ያለችው የአንጎል ተመራማሪ ጂሞ ቦርጂጊንም እ.ኤ.አ. 2013 በ9 አይጦች ላይ ልባቸው ከቆመ በኋላ በ30 ሰከንድ ውስጥ አንጎላቸው በህይወት ከነበሩበት ጊዜ በበለጠ ሲነቃ አሳይታለች፣ አስር ዓመት ቆይታ ደግሞ የመተንፈሻ ማሽን በተነቀለላቸው 4 ሰዎች ላይ ፈተሸችው፣ በሁለቱ ላይ እንደዛው ሆነ። ሁለቱም አልተመለሱም፣ ምን እንዳዩ የሚጠይቃቸው የለም። እናንተ ግን የተመለሰ ሰው አላችሁ፣ አልጋ ላይ ተቀምጦ አጥሚት እየጠጣ ነው!

አሁን ደግሞ ሁላችሁም ልትጠይቁኝ የምትፈልጉትን ልመልስ። ከሞት በኋላ ሕይወት አለ ብዬ አምናለሁ ወይ? አዎ አምናለሁ፣ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ፣ ሰልስትም አርባም ሰማንያም የምናወጣው የሄደው ሰው አንድ ቦታ አለ ብለን ነው። ግን እምነቴን የእህቴ ታሪክ ላይ አልተከልኩትም። የተመለሰ ሰው ያየው ደጃፉን ነው፣ ቤቱን ያየ አልተመለሰም። አልዓዛር እንኳን አራት ቀን መቃብር ውስጥ ቆይቶ ሲነሳ ምን እንዳየ ወንጌሉ አንድ ቃል አልነገረንም፣ ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ሦስተኛው ሰማይ ስለተነጠቀው ሰው ሲፅፍ በሥጋ ይሁን ያለ ሥጋ አላውቅም እግዚአብሔር ያውቃል ነው ያለው። ጳውሎስ አላውቅም ያለውን ቲክቶክ ላይ አንድ ልጅ ካርታ አውጥቶ ሲያስረዳ ስሰማ ይከፋኛል። በሌላ በኩል ደግሞ ኤየር የሚባለው የእንግሊዝ ፈላስፋ እድሜውን ሙሉ እግዚአብሔር የለም ሲል የኖረ ሰው እ.ኤ.አ. 1988 ልቡ ለአራት ደቂቃ ቆሞ ሲመለስ ዓለምን የሚገዛ የሚያሳምም ቀይ ብርሃን አየሁ አለ፣ አማኝ አልሆነም፣ ግን ያየውን አልደበቀም፣ ፅፎ አወጣው። እኔ የማከብረው እንደዚህ ዓይነቱን ነው።

ሌላው የገረመኝ ሰው የሚያየው ነገር ከሀገሩ ጋር መሄዱ ነው። ፓስሪቻና ስቲቨንሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. 1986 ህንድ ውስጥ 16 ሰዎች ያሉትን ሰብስበው ነበር፣ እዛ ሰዎቹን መልእክተኞች መጥተው ይወስዷቸዋል፣ መዝገብ የያዘ ሰው ፊት ያቀርቧቸዋል፣ እሱ ገልጦ ሲያይ "የተሳሳተ ሰው ነው ያመጣችሁት" ይልና ይመልሷቸዋል። በዋሻ አልፎ ብርሃን ማየት የሚለው ደግሞ የፈረንጆቹ ወሬ ላይ ይበዛል። የእህቴ ደግሞ የአያታችን ቤት ደጃፍና ቁጣዋ ነው። አንዳንዱ ይሄን ሰምቶ እንግዲያው ሁሉም የአንጎል ፈጠራ ነው ይላል፣ እኔ ግን እንደዛ ለማለት አልቸኩልም፣ ሰው የማያውቀውን ነገር ሲያይ በሚያውቀው ነው የሚናገረው፣ ሌላ ምን ቋንቋ አለው? ለማንኛውም ያገራችን ሰው ያየው ነገር ያገራችን ሐኪም ካልሰበሰበው በቀር የሆላንዱንና የህንዱን ስናነብ መኖራችን ነው። የአርሲ ገበሬ፣ የአፋር አርብቶ አደር፣ የጎንደር መነኩሴ፣ የመርካቶ ነጋዴ ምን አየ? ይሄ ጥያቄ ጥሩ የመመረቂያ ፅሁፍ አይወጣውም?

ደግሞ ሁሉም ጥሩ አያይም። ይሄን የምለው ከኛ ብሎክ ስር ሱቅ ስላላቸው ሙስሊም አባት ነው፣ ልባቸው ቆሞ ከናንተው ሆስፒታሎች በአንዱ ተመልሰዋል። የእህቴን ነገር ሳጫውታቸው ነው የወጣላቸው። እሳቸው ያዩት ጨለማ ነው፣ ብቻቸውን ናቸው፣ የሚስቅ ድምፅ ይሰማቸዋል፣ ይጠራሉ ማንም አይመልስም። ከዛ ወዲህ ጀሀነም ነው ያየሁት፣ አላህ ጠልቶኛል ብለው ደምድመዋል። እኚህ ሰውዬ ለድሃ በዱቤ ሰጥተው ዱቤውን የሚሰርዙ ሰው ናቸው! ግሬይሰንና ቡሽ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. 1992 ላይ እንደዚህ የሚያስፈራ ነገር ያዩ 50 ሰዎችን ታሪክ አቅርበዋል፣ እንደዚህ ያየ ሰው በብዛት ይደብቀዋል፣ ምክንያቱም ጥሩ ብርሃን ያየው ሰው ጥሩ ሰው ከተባለ ጨለማ ያየው ምን ሊባል ነው? አንድ ሐኪም ቁጭ ብሎ "አባቴ፣ ይሄ በብዙ ሰው ላይ የሚሆን ነገር ነው፣ ኦክስጅን ሲያንስና ሰውነት ሲጨነቅ ሊመጣ ይችላል፣ የርሶን ኃጢአት አይለካም" ቢላቸው ኖሮ ስንት ሌሊት ይተኙ ነበር። እኔ ነገርኳቸው፣ ግን እኔ ማን ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም፣ ከሐኪም አፍ ሲሰማ ሌላ ነው።

ስለዚህ ለቄሶቻችንና ለሼሆቻችን፣ ለፓስተሮችም፣ አንድ ቃል። የተመለሰ ሰው ሲመጣባችሁ መጀመሪያ አድምጡት፣ ከዛ ፀልዩለት፣ ዱዓ አድርጉለት። ያየው ለስብከታችሁ ስለተመቸ ብቻ መድረክ ላይ አታውጡት፣ ስላልተመቸም አጋንንት ነው አትበሉት። ካሜራ ለያዛችሁት ደግሞ፣ በእግዚአብሔር፣ ገና ቁስሉ ያልደረቀ ሰው ላይ ማይክ አትደግኑ። ትንሽ ሲጨምርበት ቪው እንደሚበዛ ሰውየው ካወቀ በሚቀጥለው ጨምሮ ነው የሚናገረው፣ ከዛ እውነቱ የት እንደነበረ እሱ ራሱም ይጠፋዋል። አስቀድሞ ሐኪም ፅፎት ቢሆን ኖሮ ይሄም አይበላሽም ነበር።

ወደ እናንተ ልመለስ፣ ሌላም የምለምናችሁ አለኝና። አልጋው ላይ የተዘረረው ሰው ይሰማል ብላችሁ አውሩ። እህቴን ከሁሉም የበለጠ ያሳመማት አያታችንን ማየቷ አይደለም፣ እሱማ ሲያፅናናት ይኖራል፣ ያሳመማት "አለቀላት" የሚለው ቃል ነው። ሌሊት ሌሊት እሱ ቃል ይቀሰቅሳታል። ያለችው ልጅ ተስፋ ቆርጣ ይሆናል፣ ምናልባት ደንግጣ ነው፣ እንደዛ ስትል ግን እጇ እየሰራ ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን ምን አለ በምትኩ ስሟን ጠርታ "አይዞሽ፣ እዚሁ ነን፣ ልጅሽ ደህና ነው" ብትላት? ብር አያስወጣ፣ ማሽን አይፈልግ፣ ጊዜ አይወስድ። ልቡ ቆሞ የሰማ ሰው እንዳለ ከላይ ፅፌላችኋለሁ፣ ያልሰማ መስሏችሁ የሰማን ሰው ቃል መልሳችሁ መውሰድ አትችሉም። የሞተም ቢሆን እኮ በኛ ባህል ሬሳ ፊት ክፉ አይወራም።

መጠየቂያውን ከባዶ መፍጠር አይጠበቅባችሁም። ብሩስ ግሬይሰን የሚባል የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. 1983 ላይ 16 ጥያቄ ያለው መመዘኛ ሰርቷል፣ ጊዜ የቆመ ወይም የፈጠነ መሰለህ ወይ፣ ሰላም ተሰማህ ወይ፣ ከሰውነትህ የወጣህ መሰለህ ወይ፣ የሞቱ ዘመዶችህን አየህ ወይ እያለ ይሄዳል፣ ከጠቅላላው 32 ውስጥ 7 ወይም ከዛ በላይ ካመጣ ይመዘገባል። ይሄን ወደ አማርኛ፣ ወደ ኦሮምኛ፣ ወደ ትግርኛ፣ ወደ ሶማሊኛ አስተርጉሞ አንድ ገፅ ማተም ለሚኒስቴሩ ከባድ ነው ብዬ አላምንም። የህክምናና የነርስ ተማሪዎችም አንድ ክፍለ ጊዜ ይማሩት፣ ታካሚ እንዲህ ሲላችሁ ምን ትላላችሁ የሚለውን ብቻ። እምነታችሁን ቀይሩ አላልኩም፣ ከሞት በኋላ ምንም የለም ብሎ የሚያምን ሐኪምም ሊጠይቅ ይችላል፣ እንዲያውም እሱ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል፣ በደንብ ይፈትሸዋል።

ለመጀመር የሚፈልግ ሐኪም ወይም የህክምና ተማሪ ካለ እህቴ ፈቃደኛ ነች፣ ስሟ እንዳይወጣና ቪዲዮ እንዳይኖር ብቻ ነው የምትፈልገው። የሱቁን አባትም አናግሬያቸዋለሁ፣ መጀመሪያ እንቢ አሉ፣ በኋላ ግን "ሐኪም ከሆነ ይምጣ፣ እኔም የምጠይቀው አለኝ" ብለዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቃቸው ይረጋጋል፣ ያኔ ብትመጡ ይሻላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ